ደረጃ አይኑረው ያልኩት ቤት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግንበኛ መቅጠር ይቻላል፤ ማባረር አይቻልም። አንድ ግንበኛ የጀመረውን ሌላ ግንበኛ አይነካውም። ብታለቅሺ፣ ብትለምኚ፣ የታቦት ስም እየጠራሽ ብትማጸኚ፣ "የሰው ጅምር አልነካም" ይሉሻል፣ በቃ። እኔም ቤቴን ዓይኔ እያየ ካበላሸብኝ ሰውዬ ጋር ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እየተባባልን ነው ቤቱን የጨረስነው። አሁንም ሳስታውሰው ቆሽቴ ያርራል። ንዴቱ ገና ስላልወጣልኝ እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። እናቴ ደግሞ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለው አገራችን፣ ከወንድሜ ጋር ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ ቆብ ስለደፋች ሰው ሁሉ እማሆይ ነው የሚላት። አንድ ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጭቃ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻው አሸ፣ ሐኪሙ አየ፣ ጸበሉም ተጠጣ፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። ራጁን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁትና ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ያ እግር ከእንግዲህ ሰው አይሸከምም። ዊልቸር ፈልጌ ገዛሁላት።

ቤት እንድሠራ ያስወሰነኝ ግን ራጁ አይደለም፣ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ብሄድ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ ደርቆ አገኘኋት። "ውሃ አትጠጪም እንዴ?" ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የወንድሜ ሚስት ናት ውጭ ጠርታ የነገረችኝ። ጓሮ ለመውጣት ሰው አዝሏት ነው፤ ወንድሜ ከሌለ የጎረቤት ጎረምሳ ይጠራል። በሰው ጀርባ ላይ ላለመውጣት ብላ ጀንበር እስክትጠልቅ ውሃ ባፏ አይዞርም! ቆብ የደፋች ሴት ጎረምሳ ጀርባ ላይ ታዝላ ለሽንት! እኔ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ "ውሃ ጠጡ፣ ውሃ ጠጡ" ስል የምውል ሴት፣ የገዛ እናቴ ኩላሊቷን በጥም ታደርቃለች። እዚያው ደጁ ላይ ቆሜ ማልኩ። ማንም ሳይሸከማት የምትወጣበት፣ ማንም ሳይሸከማት የምትገባበት ቤት እሠራላታለሁ አልኩ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ፎቅ አላማረኝም፣ ሴራሚክ አላማረኝም።

በማኅበር ተደራጅተን ያገኘኋት ቁራሽ ቦታ ነበረችኝ። ጠባብ ናት፤ ነገር ግን ሜዳ ናት፤ ከደጇ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው መንገድም ሜዳ ነው። እናቴ ወንበሯን በእጇ እየገፋች ኪዳን ደርሳ መመለስ ትችላለች። ይኼን ሳስበው እንባዬ ይመጣ ነበር። ፕላን የሚሠራ ልጅ ዘንድ ሄድኩና፣ "ደረጃ የለም፣ ደፍ የለም፣ በሮቹ ሰፊ ይሁኑ፣ ሽንት ቤቱ ከአልጋዋ አጠገብ ይሁን፣ ከመንገዱ እስከ አልጋዋ መሬቱ አንድ ልክ ይሁን" አልኩት። ልጁ ገባው፤ አሳምሮ ሳለው። ፕላኑን ሮብ ገበያ ድረስ ይዤ ሄጄ እናቴ ጭን ላይ ዘረጋሁት፣ በጣቴ እየነካሁ "እዚህ ደረጃ የለም፣ እዚህም ደፍ የለም" እያልኩ አሳየኋት። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለችና አጣጥፋ መለሰችልኝ።

አሁን ወደ ግንበኛው ልምጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ሙቀትም ቢሆን ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ሳያደርግ ወሬ አይወጣለትም። ፕላኑን ሰጠሁት፤ አየት አደረገና፦

"ሲስተር፣ ይኼ ቤት ነው መጋዘን?" አለኝ።

"ቤት ነው።"

"ደረጃውስ?"

"ደረጃ የለውም።"

"ደረጃ የሌለው ቤት!" አለ ለቀን ሠራተኞቹ ጭምር እንዲሰማ። "እኔ በዚህ ከተማ ያልሠራሁት ቤት የለም፤ እንዲህ ያለ ግን ለከብትም አልሠራሁ።"

አስረዳሁት። እናቴን፣ ዳሌዋን፣ ወንበሩን፣ ኪዳኑን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ውሃውን እንኳ ነገርኩት፤ ለማንም የማልናገረውን። ራሱን ነቀነቀ፣ "እሺ ሲስተር፣ እርስዎ ካሉ ምን አገባኝ" አለ። እኔ ሞኟ ይኼን እሺታ ቁም ነገር አድርጌ ወሰድኩት።

ችካል ከተተከለበት ዕለት ጀምሮ መንገደኛው ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። በእኛ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ያጣል፣ አሸዋ ያጣል፣ አማካሪ ግን አያጣም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ይቆማል፤ "እንዲያው ትንሽ ከፍ ብታደርጊው?" ይላል። የማላውቀው ሰውዬ በቅሎውን ይዞ ሲያልፍ፣ "ልጄ፣ ጎርፍ እንዳይገባብሽ" ይላል። ግንበኛው ለሁሉም "እኔም ብያለሁ፣ እኔም ብያለሁ" እያለ ይመልሳል። "እሷ እንቢ አለች እንጂ" ማለቱ ነው። የማልሰማ መሰለው እንዴ? ወንድ ቢሆን ባለቤቱ ይኼን ሁሉ ምላስ ያወጡ ነበር? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

እናቴን እኔ ወደተከራየኋት ቤት አምጥቻት ነበር፤ ለሐኪሙም እንድትቀርብ፣ በዓይኔም እንዳያት ብዬ፤ የምታግዛት ሴትም ቀጥሬላታለሁ። ሲሚንቶውም እዚያው ነው የሚቀመጠው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሲሚንቶ ስለሚጠፋ ያገኘሁትን ያህል ገዝቼ በእናቴ አልጋ ትይዩ ደርድሬዋለሁ። ግንበኛው ጠዋት ጠዋት ጋሪ ይዞ እየመጣ የቀኑን ይወስዳል። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ነኝ። ማታ ስገባ እናቴ ትነግረኛለች፦ ዛሬ ጉልበቴን ስሞ ሄደ፣ ዛሬ ስለ አባቱ አጫወተኝ፣ ዛሬ ቁርስ አብረን በላን። "እጁ ይባረክ" ትላለች። እኔም ደስ አለኝ። እናቴን በየቀኑ የሚያይ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ስትወርድ እንዴት እንደምትሆን የሚያይ ሰው እንዴት ደረጃ ይሠራል ብዬ ልቤን ጣልኩበት።

የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት እኩል እንደሆነ ባሕር ዳር ለሥልጠና ተላክሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ መንገዱ ተዘጋና ካሰብኩት በላይ እዚያው ቆየሁ። ስልክ በሠራ ቁጥር ግንበኛው ጋ እደውላለሁ።

"እንዴት ነው ቤቱ?"

"እየወጣ ነው ሲስተር።"

"እንደ ፕላኑ ነው አይደል?"

"ኧረ አያስቡ፣ እየወጣ ነው።"

እውነቱን ነበር፤ እየወጣ ነበር። የተመለስኩ ዕለት ከመናኸሪያው ቤቴ እንኳ ሳልደርስ፣ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ወደ ቦታው ሄድኩ። ገና ከሩቁ ስህተቱ ታወቀኝ። መሠረቱ ደረቴ ድረስ ቆሟል። በውስጡ ገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ በኮንክሪት ተገጥሟል። ከፊት ለፊቱ ደረጃ! ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ግንብ የወጣለት፣ ጥርት ያለ ደረጃ። ቀን ሠራተኞቹ ውሃ እያጠጡት ነበር። ግንበኛው ከላይ በረንዳው ላይ ቆሞ ሜትሩን ሳብ ለቀቅ ያደርጋል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩ። ደግሜ ጮህኩ። "ይኼ ምንድን ነው አንተ ሰው!"

"እንኳን ደህና መጡ ሲስተር።"

"ባንክ ነው የሠራህልኝ? ማዘጋጃ ቤት ነው የሠራህልኝ?"

"ይኼ ሰፈር እርጥበት አለው። ክረምት ሲገባ ያመሰግኑኛል።"

"እርጥበቱ ካንተ ጋር ይቀበር! ወንበሯ በየት ነው የሚወጣው? በል ንገረኝ፣ በየት?"

ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። አፍርስ አልኩት፤ "ብረት አለው፣ አይፈርስም" አለኝ። "ማን አዘዘህ?" አልኩት። መሬት መሬት ያያል። "ማነው ያዘዘህ ስልህ!"

"ይተዉኝ ሲስተር" አለ። ከዚያ በቀር አንዲት ቃል አላወጣም። ይኼ ነው ጭራሽ ደሜን ያፈላው። ያ ለማንም መንገደኛ ወሬ የሚነዛ ሰው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ አፉ ተለጎመ።

ውስጡን ዞሬ አየሁት። የሚገርመው፣ ውስጡ እንዳልኩት ነው። ደፍ የለም፤ የበሮቹ ቦታ ሰፊ ነው፤ ሽንት ቤቱም ከአልጋዋ አጠገብ ነው። ይኼ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ሰውዬው ፕላን ማንበብ ያውቃል ማለት ነዋ! ስቶ አይደለም፣ አውቆ ነው። እናቴን ውስጥ በምቾት አስቀምጦ በደረጃ ሊያስርብኝ ነው። ፀሐይ ልትሞቅ ሰው ይጠራላታል፤ ኪዳን ልትደርስ ሰው ያዝላታል። ከጎረምሳ ጀርባ ላወርዳት ብዬ ሌላ ጎረምሳ ላፈላልግላት ነው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የቤተሰብ ክብር፣ የቤት ከፍታ፣ ሰው ምን ይላል የሚባል ነገር ከሱ ውጭ ከማን ይመጣል?

"አንተ ነህ አይደል?"

"ምኑን?"

"ቤቱን ከፍ አድርግ ያልከው!"

"ኧረ በእመቤታችን! ድንቼን ውርጭ እየፈጀብኝ የአንቺን ቤት ከፍታ ላስብልሽ? ደህና ነሽ ግን?"

"ግንበኛው ካንተ ከወንዱ በቀር የማንን ቃል ይሰማል?"

"ስምህ ማን ነው ብሎ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እንኳን ሊታዘዘኝ" ብሎ ዘጋብኝ። አላመንኩትም። የኔ ቤት ጉዳይ ከኔ ተሰውሮ በሁለት ወንዶች መካከል አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ለብዙ ጊዜ አላናገርኩትም።

ሌላ ግንበኛ ፍለጋ የዞርኩት ያን ሰሞን ነው። አንዱ ደብረ ኤልያስ ሥራ አለኝ አለ፣ አንዱ ወገቤን ያመኛል አለ። ሦስተኛው ብቻ ነው እውነቱን የነገረኝ፤ "እቴ፣ የሱን ጅምር ዛሬ ብነካ ነገ የኔን ይነኩብኛል፤ ታረቂው" አለኝ። ታረቂው! ባሌ አደረገው እኮ! ሳልወድ በግዴ ተመለስኩ።

"እሺ፣ እንግዲያው ለወንበሯ ተዳፋት መውጫ ሥራ" አልኩት። ገመድ ዘርግቶ ለካ። "ቦታው ጠባብ ነው፤ ለወንበር በሚመች ልክ ከሠራሁት ጫፉ ከአጥሩ ውጭ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚያርፈው" አለ። "ባለህ ቦታ ሥራ!" አልኩ። ሠራው። የቤት ጣሪያ የሚያህል ተዳፋት ሆነ። አንዱ ቀን ሠራተኛ ባዶ የእጅ ጋሪ ይዞ ሊሞክረው ወጣና ጋሪው ከእጁ አምልጦ ቁልቁል ተወርውሮ የቆርቆሮውን በር ገጨ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የእናቴን ወንበር በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ፣ "አፍርሱት" አልኩ። ያንን ለማፍረስ ብረት አለው አላለኝም፤ ወዲያው ነው ያፈረሰው።

ማታ ለእናቴ ስነግራት፣ "እንደ በርሜል ልታንከባልዪኝ ነበር?" ብላ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል? እኔ ላንቺ ብዬ ስቃጠል አንቺ ትስቂያለሽ?"

"ተይው ልጄ። ቤት ከፍ ሲል ጥሩ ነው።"

"ምኑ ነው ጥሩው? በየት ልትወጪ ነው?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

መነኩሴ ናት፣ ሁሉን ተቀብላ ዝም ማለት ነው ሥራዋ፣ አልኩ በልቤ። እንዲያ እየታገሰች ነው በጥም ልትሞት የነበረው። ትዕግሥቷም አናደደኝ፤ ትራሷን አስተካክዬ ሳላናግራት ተኛሁ።

ጣሪያው ሲመታ ለሠራተኞች ግብዣ ማድረግ ልማድ ነው። ባለቤቱ በግ ያርዳል፣ ጠላ ያወጣል፣ ግንበኛውን ይመርቃል። እኔ አላደርግም አልኩ። ቆርቆሮው እየተመታ ሰዎቹ ወደ በሩ ወደ በሩ ያያሉ፤ እኔ እጄን አጣምሬ ቁጭ ብያለሁ። እንዲህ ሳለን ወንድሜ ሙክት እየጎተተ በበሩ ገባ። ከሮብ ገበያ ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"እማዬ ናት የላከችብኝ። 'የግንበኞቹ እንዳይቀር' ብላ።"

ድንቄም እማዬ! ዘዴው ነው አልኩ። የክብር ደረጃውን አሠራ፣ አሁን ደግሞ ሊያስመርቅ መጣ። ሙክቱ ታረደ፣ ሰው በላ፣ ግንበኛውም በላ። እኔ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ቂመኛ ይበሉኝ።

እናቴ የገባችበት ዕለት ቅዳሜ ነበር። የሰፈሩ ቄስ ጸበል ሊረጩ መጥተዋል። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወንድሜና የአጎቴ ልጆች ሁሉ አሉ። ግንበኛውንም እናቴ ናት ይጠራ ያለችው፤ ካፖርቱን ለብሶ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ሰው ሲገባ ሁሉ ቀና ብሎ "አቤት ከፍታ! አቤት ደረጃ!" ይላል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ "አሜን" እላለሁ።

ባጃጁ መጣ። እናቴን አውርደን ወንበሯ ላይ አስቀመጥናትና እስከ ደረጃው ሥር ገፋኋት። እዚያ ቆመ። ምን ይደረግ? ወንድሜና የአጎቴ ልጆች በአራት ማዕዘን ያዙና ወንበሩን ከነእሷ አነሱት። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘም ቆቧ ተንሸራተተ፣ እግሯ ተንጠለጠለ። እጆቿ አየሩን ይይዛሉ። ሰው ሁሉ ያያታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልከልከው ብል አልችልም ነበር። ወደ ግንበኛው ሄጄ ካፖርቱን ያዝኩት።

"ና! ና እይ! የሠራኸውን እይ! እናቴን እንደ ጤፍ ጆንያ ተሸክመው ሲያወጧት ቆመህ እይ! ውሃዋን ነግሬህ ነበር! ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ነግሬህ ነበር! ማነው ያዘዘህ? ዛሬ ሳትናገር ከዚህ ግቢ አትወጣም!"

ቄሱ "ልጄ፣ ልጄ" ይላሉ። ወንድሜ ወንበሩን እንደያዘ ቆሟል። ግንበኛው ፊቱ ቲማቲም መስሏል። እኔን አይደለም የሚያየው፤ በኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ እናቴን ነው የሚያየው።

"እማሆይ" አለ፣ "ይፍቱኝ።"

"አውርዱኝ" አለች እናቴ። ወንበሩ መሬት ነካ። ቆቧን አስተካከለች። "ፈታሁህ ልጄ። ንገራት።"

"እማሆይ ናቸው ያዘዙኝ" አለ ግንበኛው። "ሲሚንቶ ልወስድ ስሄድ። ደረጃ ሥራ አሉኝ፤ ለሷ ብትነግራት በኪዳነ ምሕረት ገዝቼሃለሁ አሉኝ። ምን ላድርግ? የእሳቸውን ግዝት ጥሼ ግንብ ላይ ልወጣ?"

ቄሱ ቅር አላቸው። "ግዝት እኮ የካህን ነው እማሆይ" አሉ።

"እርስዎ አልነበሩም አባቴ" አለች እናቴ፣ "እሷ ደግሞ ከባሕር ዳር ልትመለስ ነበር። ቸኩዬ ነው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ግንበኛው ከግዝቱ ሲፈታ እፎይ ብሎ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ እኔም ሳየው ይበልጥ ጠላሁት፤ ደስ እያለው እኮ ነው የተገዘተው! እሱ የሚፈልገውን እናቴ አዘዘችው፣ በቃ። ወደ እሷ ዞርኩ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ለምን? ምን አደረግሁሽ? ወንድሜን አኮረፍኩ፣ ከሰው ተጣላሁ፣ አንቺ በእግርሽ እንድትወጪ..."

"በእግሬ አላልሽም" አለች። "በወንበር ነው ያልሽው።"

"እሺ፣ በወንበር! በራስሽ እጅ! ምን ልዩነት አለው?"

"ያን ፕላን ጭኔ ላይ ዘርግተሽ፣ እዚህ ደረጃ የለም፣ እዚህ ደፍ የለም እያልሽ ስታሳዪኝ ደስ ብሎሽ ነበር። ልጄ ነርስ ናት፣ ታውቃለች፣ አልኩ። እናቴ ከእንግዲህ አትነሳም ብላ ፈረደች፣ ፍርዱን በሲሚንቶ ልታስጽፈው ነው፣ አልኩ። እዚያ ቤት ገብቼ ጠዋት ጠዋት ምን ብዬ ነው የምጸልየው? አድነኝ ልበለው? ቤቱ አትድኚም እያለኝ?"

"ራጁን አይቼዋለሁ!" ብዬ ጮህኩባት። በሰው ፊት፣ በቄስ ፊት፣ ቆብ በደፋች እናቴ ላይ ጮህኩ። "አጥንቱ ጠሟል! አይሸከምሽም! ጸበል አያቃናውም፣ ደረጃም አያቃናውም! ሕልም ውስጥ ስለሆንሽ እዚያ ላይ ልትታሰሪ ነው?"

"ሽንት ቤቱን አልነካሁብሽም" አለች ረጋ ብላ። "ውሃዬን እጠጣለሁ። እሱን እውነትሽን ነው።"

ከዚያ የወንበሯን ፍሬን ያዘች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባን ሁለት እጇን ወንበሩ ላይ ተክላ ራሷን ወደ ፊት ሳበችና ዞር ብላ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዱብ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ ጀርባዋ ወደ ቤቱ። እጆቿን ወደ ኋላ ልካ የሚቀጥለውን ደረጃ ጠርዝ ያዘች። ደህናውን እግሯን አጠፈች፤ ያኛው እንደ እንጨት ተዘርግቷል። ወንድሜ ሊይዛት ጎንበስ ሲል "ንካኝና ገዝቼሃለሁ" አለችው፤ እጁን እንደ እሳት መልሶ ሰበሰበ።

ወገቧ ከደረጃው ትንሽ ተነሳና ተመልሶ ወደቀ። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ዳሌዋን ነው ያየሁት፤ ያ የጠመመ አጥንት ልብሷ ውስጥ የታየኝ መሰለኝ። "ተይ! ትሰበሪያለሽ! ተይ ብዬሻለሁ!" ብዬ ሮጬ ፊቷ ተንበረከክሁ።

"አንቺ ዞር በይ" አለችኝ።

"አልዞርም!"

"ዞር በይልኝ። ፊትሽን እያየሁ አልችልም።"

"ፊቴ ምን አደረገሽ?"

"ፊትሽ ላይ ራጁን አያለሁ" አለች።

ግንበኛው ያያል፣ ወንድሜ ያያል፣ ቄሱ ያያሉ፤ እሷን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩኝ። ተነሳሁና ፊቴን ወደ ቆርቆሮው በር አዞርኩ። እዚያ ላይ ጋሪው የገጨው ስርጉድ አለ፤ እሱን አፍጥጬ እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። ከኋላዬ እጇ ሲሚንቶ ሲቧጥጥ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ልብሷ ሲጎተት ይሰማኛል። ዱብ አለች። ዝም። እንደገና መቧጠጥ። ጩኺ ጩኺ ይለኛል፣ ዞረሽ አንስተሽ ተሸክመሽ አስገቢያት ይለኛል፣ እሷንም ግንበኛውንም ደረጃውንም አንድ ላይ ማፍረስ ያምረኛል።

"ደረስሽ?" አልኳት ሳልዞር።

"ዝም በይ" አለችኝ። "ገና ሁለተኛው ላይ ነኝ።"